የልደታን ንፍሮ ወደ ቤት የወሰድኩ ዕለት

ዘንድሮ ግንቦት ልደታ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር መኪና በሚቆምበት ቦታ፣ እንደ ድሮው ንፍሮ ተቀቅሎ፣ በግ ታርዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። እኔ እግሬ አልታዘዝ ስላለኝ ፕላስቲክ ወንበር አምጥተው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። በቅርብ የገባች አንዲት ሙሽራ ሰሀን ሙሉ ንፍሮ ቀዳች፣ በሶፍት ሸፈን አደረገችና ስልክ እያወራች ደረጃውን ወጣች። ማንም ቀና ብሎ አላያትም። እኔ ግን የያዝኩትን ንፍሮ ጭኔ ላይ ደፋሁት።

«እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ።

«ፀሐዩ ነው» አልኳቸው፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ።

ጥፋት ደጄ ድረስ መምጣቱን መጀመሪያ የተረዳሁት እንዲህ ባለ ሰሀን ነው። በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ልደታ፣ ጉልበቴም ወገቤም ደህና በነበረበት ዘመን። ንፍሮውን በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ ከጎረቤቶቼ መሀል ቀስ ብዬ ተነሣሁና ወደ ቤቴ አመራሁ። በሩ ጋ ልደርስ ስል ጎረቤቴ እልፍነሽ ከኋላዬ ጮኸች።

«አንቺ ዘነቡ! የልደታ ንፍሮ ወዴት ነው? ከመቼ ወዲህ ነው ቤት የሚገባው?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ የቀበሌው ጥበቃ ለማ ከሚግጠው አጥንት ላይ ቀና አለ።

«ውስጥ ማን አለ?» አለ።

ውስጥ ልጄ ነበረ።

ለዛሬ ልጆች ነገሩ ቀላል ይመስላቸዋል። ያኔ ግን የልደታ ንፍሮ ደጅ ተቀቅሎ፣ ደጅ ተበልቶ፣ ደጅ ነው የሚያልቀው። እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ ነው ብለን እኛም ቤታችንን ዘግተን እንወጣለን። የተረፈው ለአላፊ አግዳሚ ይታደላል እንጂ ደጃፍ አያልፍም። እንግዲህ ሰሀን ወደ ቤት ከገባ፣ መውጣት የማይችል ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ አራስ ወይ በሽተኛ። የእኔ ቤት ደግሞ ባዶ መሆኑ የሚታወቅ ቤት ነበር። ባሌ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ልጄን ተካን፣ ወሊሶ አጎቱ ዘንድ ልኬዋለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ።

ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ወደ ጌጃ ሰፈር ሲወረድ ከቤቴ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሽንኩርት፣ ላምባ እሸጣለሁ። ስኳርና ዘይቱን ቀበሌ ወስዶታል። ትምህርት የለኝም፤ ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያስተማረኝም፣ ኋላ ልጄን የፈለገብኝም ያው አንድ መንግሥት ነው። ላመስግነው ልርገመው ሳላውቅ ዘመኑ አለፈ።

ባለ ሱቅ ሰው የሰፈሩን ምግብ ቤቶች ሳይቀምስ ያውቃቸዋል። ማን ምን እንደሚገዛ ያያላ። እትዬ ብርቄ ሽንኩርት ስትገዛ አንዱንም ሳታልፍ ጨመቅ አድርጋ፣ አሽትታ ነው። የለሰለሰ ካገኘች «ይሄን ለቀበሌ ሽጪው» ብላ ትመልስልኛለች። ምሳ ቤቷ ጠባብ፣ ጭስ የጠገበች ክፍል ነበረች። ግን ቅቅሏ! ቅባቱ መረቁ ላይ እያብለጨለጨ፣ ቃሪያው ተሰንጥቆ ገብቶበት፣ ጉንፋን ይዞት የገባ ሰው እያፏጨ ይወጣ ነበር። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ባለጉዳዮች ናቸው። «የተፈረደለት ጥብስ ያዛል፣ የተፈረደበት ቅቅል፣ ቀጠሮ የተሰጠው ሽሮ» ትላለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብዙ የሚሸጠው ሽሮዬ ነው» ትላለች።

ከእሷ ቤት አለፍ ብሎ የጋሽ ሽኩር ክትፎ ቤት ነበረ። ጋሽ ሽኩር የስልጤ ሰው ናቸው፣ ዝምተኛ። ቅቤና ቆጮ ከአገራቸው በጭነት መኪና ያስመጣሉ፤ ከእኔ የሚገዙት ጨው ብቻ ነው። ሲስቁ ያያቸው ሰው የለም። «ክትፎውን ትንሽ አብስሉልኝ» የሚል ደንበኛ ካጋጠማቸው ሰሀኑን ከፊቱ ያነሡና፣ «የበሰለ ካሻህ ብርቄ ጋ ሂድ» ይሉታል። ሰውዬው ተቆጥቶ ይወጣል። በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

የቀበሌው መዝናኛ ደግሞ ነበረላችሁ። እሱ ከእኔ ምንም አይገዛም፤ ዘይቱም ስኳሩም በእጁ ነው። ሁሉ ሞልቶለት ወጡ ግን ስብሰባ ስብሰባ ይል ነበር። እውነቴን ነው። ምግብ አብሳዮቹ በፈረቃ ስለሚገቡ አንደኛዋ ጨው ትጨምራለች፣ ተረኛዋ ስትመጣ አልተጨመረም ብላ ትደግማለች፤ ሌላ ቀን ደግሞ እርስ በርስ ተማምነው ሁለቱም ይረሱታል። ከስብሰባ ስንወጣ እዚያ ሳይበሉ ማለፍ ያስጠረጥራል። ስለዚህ እንበላለን፣ ይጣፍጣል እንላለን፣ ቤታችን ገብተን ውሃ እንጠጣለን። ለማ ቁርሱም ምሳውም እዚያ ነበር።

በዚህ በዚህ የምንስቅበት ጊዜ ብዙ አልቆየም። ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት መጣ። መጀመሪያ ልጆቹን በስም ጠሩ፤ ኋላ ከመንገድ ማፈስ ጀመሩ። ከኳስ ሜዳ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ፣ ካገኙበት። የእልፍነሽ ልጅ ደረጀ፣ አብነት ሰፈር ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ በዚያው ሄደ። ከተካ ጋር አንድ ክፍል የተማረ፣ ቤቴ እንደ ቤቱ የበላ ልጅ ነው። እልፍነሽ ከዚያ ወዲህ ዳቦ ስታይ ፊቷን ታዞራለች። እኔም ወሬው ጆሮዬ እንደገባ ተካን ከሱቁ ጀርባ፣ የሳሙና ካርቶን የምከምርበት ቆጥ ላይ አወጣሁትና ወሊሶ ሄደ አልኩ። ቀን ቀን አይስልም፣ አያስነጥስም። እልፍነሽ ደጃፌ ላይ ተቀምጣ ስለ ልጇ ስታለቅስ የእኔው ከጭንቅላቷ በላይ ተኝቶ ይሰማታል። እኔ ከሁለቱ መሀል ሆኜ «አይዞሽ» እላታለሁ።

ልደታ የደረሰችው እንዲህ ሳለን ነው። ፋሲካ ካለፈ ሰነባብቷል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ልጄን ሰውሪልኝ ብዬ ተሳልኩ። ስመለስ ተካ ከቆጡ ላይ በሹክሹክታ ጠራኝ።

«እማዬ፣ ዘንድሮ ልደታ ሳልቀምስላት ልታልፍ ነው?»

በየዓመቱ እንጨቱን የሚፈልጠው፣ ጎላ ድስቱን ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነበር። የተሳልኩለት ልጅ በዚህ ቀን ከበረከቱ ሳይቀምስ መቅረቱ ሆዴን በላው። የተለየ ምግብ አማርጬ ቢሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ቅቅል ብይዝ፣ እንጀራ ብይዝ ለማታ ነው ይሉኛል። እኔ ግን በረከቱን ነው የፈለግኩት። ማን ያየኛል ብዬ ንፍሮ ይዤ ተነሣሁ።

ለማ «ውስጥ ማን አለ?» ሲል የመለሰችለት እትዬ ብርቄ ናት፣ ጭልፋዋን እንደያዘች።

«ማን ይኖራል፣ ጨው ነዋ ያለው! ንፍሮው አልጫ ሆኗል፣ ሱቅሽ ግቢና ጨው ነስንሰሽ አቅምሺኝ ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ሰሀኑን አከናንባ ትሄዳለች! አንቺ፣ ጨው አምጪ አልኩሽ እንጂ ሚዜ ሁኚልኝ አልኩሽ?»

ሰው በሳቅ አውካካ። ለማ ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ተነሣና መጣ። ነጠላዬን ገለጥ አድርጎ ከሰሀኑ ዘገነ። ቀስ ብሎ ነው ያኘከው።

«ጨው አለው እኮ» አለ።

ነበረውም። ጠዋት እኔው ነኝ የጨመርኩት። እሳቱ ሲንጣጣ ይሰማል። ተካ ከግድግዳው ወዲያ ይህን ሁሉ እየሰማ መሆኑን ሳስብ ሰሀኑን በሁለት እጄ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ጨው አለው?» አለች እትዬ ብርቄ፣ ወደ ሰዉ ዞራ። «ስሙልኝ እንግዲህ! አንተ የመዝናኛውን ወጥ ለምደህ፣ ጨው መኖር አለመኖሩን በየትኛው ምላስህ ታውቃለህ?»

ሳቁ ሰፈሩን አናጋው። «እውነቷን ነው! የባለፈው ስብሰባ ወጥ እኔን እስካሁን ውሃ ያስጠጣኛል» አለ አንድ ሽማግሌ። ጋሽ ሽኩር እንኳ ጥርሳቸው ታየ። ለማም ከሰው ላለመለየት ፈገግ አለ። ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«ይሁንልዎት፣ እትዬ ብርቄ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ነገ ጠዋት መጥተን ጨውሽን እናያለን» አለኝ።

ሱቅ ገብቼ ጨው አመጣሁ። ምን ላድርግ? እትዬ ብርቄ ጎላው ውስጥ ነሰነሰችው። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጨው የበዛበት ንፍሮ በላ። አንድም ሰው «በዛ» አላለም። ያኔ ነው ሁሉም ማወቃቸው የገባኝ። እልፍነሽ ብቻ አልበላችም። ሰሀኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ። ነገሩ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት፣ ወይስ የእሷ ልጅ ሄዶ የእኔ መቅረቱ አቃጠላት? እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም መልሱን እሷ ራሷ የምታውቀው አይመስለኝም።

ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ሽኩር ሱቁ ደጃፍ መጡ።

«የተካ እናት፣ ጨው አለሽ አይደል?»

«አለ ጋሼ። ምን ያህል ልስጥዎት?»

«ጆንያውን እንዳለ። ቆጮ ያመጣችው መኪና አሁን ትመለሳለች፣ ለአገር ቤት ልሰድ ነው። ተሸካሚ አለሽ?»

«የለኝም።»

ወደ ቆጡ ቀና ብለው አዩ። «አለሽ» አሉኝ። «እሱም ከጨው ጋር ይሂድ። አንቺም ቅቤ ልገዛ ነው በይና ጋቢና ግቢ። ወንድሜ ዘንድ ትደርሳላችሁ።»

በምን አወቁ ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ባለፈው ክትፎ ገዛሽ» አሉ። እውነት ነው። እኔ ክትፎ አልወድም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለተካ ነበር የገዛሁት። በአንድ ሰሀን ተጋለጥኩ ስል ለካ በሁለት ሰሀን ነው። ሁለተኛውን ያየው ሰው ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ሆኖልኝ እንጂ።

እግዜር ሲረዳ የግንቦት ዝናብ ዱብ አለ። ሰው ሁሉ ወደ ጎላው ሮጠ። ንፍሮውን ቤት ማስገባት አይቻልማ! ሸራ ተዘረጋ፣ ጫፍ ጫፉን የያዘ ያዘ። ለማም አንዱን ጫፍ ይዟል፤ ከጎኑ እልፍነሽ ቆማለች። ተካን ከቆጡ አወረድኩት። እግሩ ደንዝዞ እንደ ሽማግሌ ነው የቆመው። ተሸካሚዎች ዝናብ ሲመጣ እንደሚያደርጉት ባዶ ማዳበሪያ እጥፍ አድርጌ ከአናቱ እስከ ወገቡ አለበስኩት፤ ጫማውን አስወልቄ የጨው ጆንያውን ጀርባው ላይ ጫንኩት። ጎንበስ ብሎ ወጣ። እኔም ከኋላው።

ወደ መኪናዋ ሌላ መንገድ የለም። በእነዚያ ሸራ በያዙ ሰዎች ፊት ለፊት ነው የሚታለፈው። እትዬ ብርቄ ነገሩ ገብቷት «ለማ፣ ከፍ አድርገው እንጂ፣ ውሃው ገባ!» እያለች ታዋክበዋለች። ተካ አጠገባቸው ሲደርስ ጭቃው አንሸራተተውና ተንገዳገደ። እልፍነሽ ቁልቁል እግሩን አየች። ሕፃን ሆኖ ከደረጀ ጋር በአንድ ሳፋ ያጠበችው እግር ነው። አላወቀችውም ማለት አልችልም። አፏን ከፈተች።

«አንተ ተሸካሚ፣ ቀስ በል፣ ያዳልጣል» አለች።

ይህን ብቻ። ከዚያ ፊቷን ወደ ጎላው መለሰች። ሸራውን ከፍ ስታደርገው ያጠራቀመው ውሃ ረገፈ።

አሮጌዋ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያቃሰተች ዓለም ገና አደረሰችን። እዚያ ኬላ አለ። ተካ ከጋቢናው ጀርባ፣ ከባዶ ጆንያና ከኮባ ቅጠል ሥር ተኝቷል። የኋላው መስታወት የተሰበረ ስለሆነ የምንናገረውን ሁሉ ይሰማል። ወታደሩ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ ነው፤ የተካ እኩያ ቢሆን ነው። በመስኮቱ አንገቱን አስገባ።

«ወዴት ነሽ፣ እናቴ?»

«ቡታጅራ። ቅቤ ልገዛ።»

«ለውትድርና የደረሰ ልጅ አለሽ?»

«ልጅ የለኝም» አልኩት። ያላመነኝ መስሎኝ ጨመርኩበት። «አልወለድኩም። መካን ነኝ።»

ልጁ አዘነልኝ። «ዛሬ ልደታ አይደለች? እሷ ትስጥሽ» አለና እንጨቱን አነሣልን።

ሐና ስትለምን ኖራ ልጅ ያገኘችበት ቀን ነው። እኔ በዚያው ቀን፣ ልጄ ከጀርባዬ ተኝቶ እየሰማኝ፣ አልወለድኩህም አልኩ። ከዓለም ገና እስከ ቡታጅራ ያለው መንገድ ዝናብ ጠጥቶ የደስ ደስ ያለው ነበር፤ እርሻው ታርሷል፣ አፈሩ ይሸታል። ለእኔ ግን ሁሉም አፌ ውስጥ እንደቀረ ሬት ነው የሆነብኝ።

ከእንሰቱ መሀል ካለው ከጋሽ ሽኩር ወንድም ቤት ስንደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ተካ ከጆንያው ሥር ሲወጣ ፀጉሩና ቅንድቡ በጨው ነጥቶ፣ በአንድ ቀን ያረጀ መሰለኝ። የቤቱ እመቤት አንድ ቃል ሳትጠይቅ ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረበችልን። 

«እማዬ፣ መካን ነኝ አልሽ እኮ» አለኝ፣ እየሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። አጎረስኩት። ሁለተኛውን ሳያላምጥ እንቅልፍ ወሰደው። ያን ጊዜ፣ ሰው ቤት ውስጥ፣ በማላውቀው መደብ ላይ፣ ደረስን አልኩ። ተረፈ አልኩ።

እኔ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ለማና ባልደረቦቹ ቆጡን በርብረው ሳሙናና ጨው ነው ያገኙት። የእትዬ ብርቄ ቀልድ ግን አልተረሳም። ክረምቱ ሳይወጣ ምሳ ቤቷ ንጽሕና ይጎድለዋል ተብሎ ታሸገ። ከመስቀል በኋላ ተከፈተ፣ የመዝናኛው ቅርንጫፍ ሆኖ። በዚያች ምድጃ ላይ ያ ስብሰባ ስብሰባ የሚል ወጥ ተሠራ። እትዬ ብርቄ በቤተ ክርስቲያኑ በር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየሸጠች አረጀች። «በእኔ ምክንያት ነው» ስላት፣ «ዝም በይ፣ ወጡ የእውነት መጥፎ ነበር» ትለኝ ነበር። የሰፈራችንን መፍረስ ሳታይ ሞተች።

ዛሬ ምግብ ቤቱ እንደ አሸን ፈልቷል። የልጅ ልጆቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ የትኛው ፒዛ ይሻላል፣ የትኛው በርገር ደረቀ እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። ስለ ጣዕም ብቻ መጣላት ትልቅ ነገር ነው። አንዳንዴ ግን «እማማ፣ በእናንተ ጊዜ የትኛው ቤት ነበር ጥሩ?» ይሉኛል፣ እኔም ስለ ቅቅሉና ስለ ክትፎው አውርቼ አስቃቸውና እዚያ ላይ አቆማለሁ። የቀረውን ምን ብዬ ነው የማጎርሳቸው?

ተካ እዚያው ቡታጅራ አግብቶ ወለደ። ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ሱቅ አለው። ደረጀ አልተመለሰም። መንግሥት ሲወድቅ የሌላው ሰው ልጆች ከሰሜን ጦር ግንባር በእግራቸው ሲመጡ እልፍነሽ መንገድ ዳር ቆማ ፊት ፊታቸውን ስታይ ከረመች። አሁን ከእኔ ቀጥሎ ባለው ሕንጻ ትኖራለች። በወር በወሩ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ቀድማ የምትጠይቀኝ እሷ ናት።

«ተካ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» እላታለሁ።

ደህና ነው። ልጄ አለ፣ እኔም አለሁ፣ ማንም የሚፈልገን የለም። ከዚህ ቀጥሎ፣ በአገሩ ወግ፣ የእሷን ልጅ መጠየቅ የእኔ ተራ ነው። የምጠይቅበት አፍ ግን የለኝም።